ቃል፣ ትዕይንትና ሙዚቃ፦ «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» ፊልም ስሜትን የሠራበት መንገድ

ከፊልም አዳራሽ ዓይኑን እየጠረገ የሚወጣ ተመልካች ምን እንዳስለቀሰው ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ተዋናዩን ነው። ከተዋናዩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ማን እንዳቆመው፣ ከግድግዳው ማዶ ይሰማ የነበረውን ቀንደ መለከት ማን እንደ ነፋው፣ ተዋናዩ በዚያች ቅጽበት ከመናገር ይልቅ ዝም እንዲል ማን እንደ ወሰነ ለመጠየቅ የሚቆም ጥቂት ነው። ይህ የተመልካቹ ጉድለት አይደለም፤ ሥራው የተዋጣለት ሲሆን ስፌቱ አይታይምና። ኪነ ጥበብን ለሚያስተምርና ለሚሠራ ሰው ግን ስፌቱን ለይቶ ማየት ግዴታ ነው። በፊልም ታሪክ ውስጥ ሠሪዎቹ ራሳቸው ስፌቱን በጽሑፍ የተዉለት፣ ከእነርሱም በኋላ ብዙ ኀያስያን የመረመሩት አንድ ሥራ አለ። ይኸውም በ1938 በሶቪየት ኅብረት የተሠራው «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃል፣ ትዕይንትና ሙዚቃ ወደ ፊልም የገቡት በአንድ ቀን አይደለም። ድምፅ አልባው ፊልም ትዕይንት ነበረው፤ ሙዚቃም ነበረው። ሙዚቃው ግን ከፊልሙ ጥቅል ውስጥ ሳይሆን ከአዳራሹ ወለል፣ ከፒያኖው ወይም ከኦርኬስትራው ይመጣ ነበር። ሰርጌይ አይዘንሽታይን በ1925 የሠራው «ፖተምኪን የጦር መርከብ» በ1926 በርሊን ላይ ሲታይ ኤድሙንድ ማይዘል የተባለው የጀርመን ሙዚቀኛ የራሱን ድርሰት ጽፎለት ነበር። መርከቡ ከባሕር ኃይሉ ጓድ ጋር ሊፋጠጥ በሚገሠግሥበት በመጨረሻው ክፍል፣ አዘጋጁ ከሙዚቀኛው የጠየቀው ዜማ ሳይሆን ምት ብቻ ነበር፤ የመርከቡ ሞተር እንደ ልብ የሚመታበት ምት። ተመልካቹ ወንበሩን ጨብጦ የሚጠብቀው የተኩስ ድምፅ ሳይመጣ የሚቀርበት ያ ትዕይንት፣ ሙዚቃ ምስልን ከማጀብ ያለፈ ተግባር ሊኖረው እንደሚችል ቀድሞ ያሳየ ነበር።

በጥቅምት 1927 በአሜሪካ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ለሕዝብ ሲቀርብና ተዋንያን ከመጋረጃው ላይ መናገርና መዝፈን ሲጀምሩ፣ የሙያው ሰዎች ሁሉ እኩል አልተደሰቱም። አይዘንሽታይን፣ ፑዶቭኪንና አሌክሳንድሮቭ በ1928 ባወጡት የጋራ መግለጫ ስጋታቸውን ግልጽ አደረጉ። አፍ ሲንቀሳቀስ ቃል፣ በር ሲዘጋ የበር ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ፊልም ካሜራ ፊት የተቀመጠ ቴአትር ሆኖ ይቀራል አሉ። ድምፅ ለምስሉ ሎሌ መሆን የለበትም፤ ከምስሉ ጋር እንደ ሁለት የተለያዩ ዜማዎች መሟገት አለበት የሚል ነበር አቋማቸው። መግለጫው ከፍ ባለ ድምፅ የተጻፈ የወጣቶች ጽሑፍ ነው። ቢሆንም የያዘው ጥያቄ እስከ ዛሬ አላረጀም። ዓይን ያየውን ጆሮ ደግሞ የሚነግረው ከሆነ አንደኛው ትርፍ ነው።

የታሪክ ምፀት ሆኖ፣ ይህን የጻፈው ሰው ከመግለጫው በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ባለ ድምፅ ረዥም ፊልም ለመጨረስ አልታደለም። በሜክሲኮ የጀመረው ሥራ ሳይጠናቀቅ ቀረ። «የቤዢን መስክ» የተባለው ፊልሙ ደግሞ በ1937 በበላይ ትእዛዝ እንዲቆም ተደረገ። በዚያ ዘመን በሞስኮ እንዲህ ያለ ውግዘት የሚያስከትለው የሥራ ማጣትን ብቻ እንዳልነበረ የታወቀ ነው። ስለዚህ «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» ሲሰጠው እንደ ሥራ ብቻ ሳይሆን እንደ መጨረሻ ዕድል ነበር የተቀበለው። ጉዳዩም ግልጽ ነበር። የሂትለር ጀርመን ጦር እያዘጋጀ ነበርና፣ የኖቭጎሮዱ መስፍን አሌክሳንደር ሚያዝያ 5 ቀን 1242 በቹድ ሐይቅ ላይ የጀርመን መስቀላውያን ፈረሰኞችን ድል የነሣበት ታሪክ እንዲነሣ ተፈለገ። በዚያ ሰሜናዊ አገር የክረምት ብርድ የሐይቁን ውሃ እንደ አለት ያጠጥረዋል፤ ጦርነቱ የተካሄደውም በዚህ በጠጠረው ውሃ ላይ እንደ ነበር ይተረካል።

የፊልሙን ጽሑፍ አይዘንሽታይን ከደራሲው ፒዮትር ፓቭሌንኮ ጋር አዘጋጀ። ካሜራውን የያዘው ከመጀመሪያ ሥራው ጀምሮ ያልተለየው ኤድዋርድ ቲሴ ነበር። ትዕይንቱን ኢዮሲፍ ሽፒኔል፣ ሙዚቃውን ሰርጌይ ፕሮኮፊዬቭ ሠሩ። መስፍኑን ኒኮላይ ቼርካሶቭ ተጫወተ።

ከትዕይንቱ መጀመር ይገባል፤ ምክንያቱም የፊልሙ ትልቁ ድፍረት ያለው እዚያ ነው። ስለ በረዶ ጦርነት የሚናገረው ይህ ፊልም የተነሣው በ1938 በጋ፣ ፀሐይ በሚያቃጥልበት ወራት ነው። ክረምቱን ይጠብቁ ቢባል ሥራው በብዙ ወራት በዘገየ ነበር። በሞስኮ ፊልም ስቱዲዮ አጠገብ ሰፊ ሜዳ ተደለደለ። ኖራ ተነሰነሰበት፤ የቀለጠ ብርጭቆ ፈሰሰበት፤ ዛፎቹም ነጭ አቧራ ለበሱ። የሚሰበረው በረዶ በአየር በተነፉ ከረጢቶች ላይ የተንሳፈፈ ሰሌዳ ነበር፤ በምልክት አየሩ ሲለቀቅ ሰሌዳው አስቀድሞ በተሠመረለት መስመር ይሰነጠቅና ፈረሰኛውን ይውጠዋል። ይህ ሁሉ የአናጺና የግንበኛ ብልሃት ነው፤ ተደንቆ ሊታለፍ ይችላል። ቁም ነገሩ ያለው አዘጋጁ ስለዚህ ሥራ ኋላ በጻፈው ማብራሪያ ላይ ነው። እርሱ እንደሚለው ክረምትን ለማስመሰል አልሞከሩም። የበረዶ ግግር አልሰቀሉም፤ ከሰው አፍ የሚወጣ እንፋሎትም አልፈጠሩም። ከክረምት የወሰዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የብርሃኑን መጠን። በበጋ ምድሩ የጠቆረ፣ ሰማዩ የነጣ ነው። በክረምት ግን ምድሩ ነጭ፣ ሰማዩ የጠቆረ ይሆናል። ቲሴ ካሜራው ላይ ባደረገው ማጣሪያ መስታወት የበጋውን ሰማይ አጠቆረው፤ መሬቱ ቀድሞ ነጥቶ ነበር። ተመልካቹም በረደው።

ለትዕይንት ሠሪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አይገኝም። ስሜት የሚነሣው ነገሮችን በመቆለል ሳይሆን፣ አንዱን ወሳኝ ዝምድና ለይቶ በማስቀመጥ እንደሆነ ያ የኖራ ሜዳ ይመሰክራል። በብዙ መድረኮች ላይ የሚታየው ዕቃ የሞላበት ትዕይንት ተመልካቹን የማይነካው ይህን ምርጫ ስላላደረገ ነው። ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምስልም ሁሉም እኩል ይናገራሉና አንዱም አይሰማም።

በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ የቆሙት ሰዎች አለባበስም የትዕይንቱ አካል ነው። ነጭ ቀለም በብዙ ሕዝብ ዘንድ የንጽሕና ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ አይዘንሽታይን ራሱም «አሮጌና አዲስ» በተባለው የ1929 ፊልሙ ነጩን ለደስታ፣ ጥቁሩን ለድቀት አውሎት ነበር። እዚህ ግን ገለበጠው። ነጭ ካባ የለበሱት ገዳዮቹ ናቸው፤ ጥቁር የለበሱት ተከላካዮቹ። በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ተቺዎች በዚህ ተገርመው ነበርና፣ ቀለም በራሱ የተቆረጠ ትርጉም እንደሌለው፣ ትርጉሙን የሚሰጠው ሥራው ራሱ እንደሆነ መለሰላቸው። ወደዚህም የራስ ቁሩ ይጨመራል። የመስቀላውያኑ ራስ ቁር ፊትን ጨርሶ የሚሸፍን፣ ለዓይን ቀጭን ስንጥቅ ብቻ የተተወለት የብረት ባልዲ ነው። አንዳንዱ ላይ ቀንድ፣ አንዳንዱ ላይ የተዘረጋ እጅ ወይም ጥፍር ቆሞበታል። የኖቭጎሮድ ሰዎች ራስ ቁር ግን ፊታቸውን አይሸፍንም። ተመልካቹ የአንዱን ወገን ላብ፣ ጥርስና ሽብሽብ ያያል፤ የሌላውን ብረት ብቻ። ለማን እንዲያዝን ማንም አልነገረውም። ፊት ላለው ግን ያዝናል።

ይህ ዘዴ ጥያቄ የሚያስነሣ መሆኑም መካድ የለበትም። ጠላትን ፊት የመንሣት ጥበብ ለማንም ሊያገለግል የሚችል መሣሪያ ነው። በዚያው ዘመን በሌላውም ወገን በደንብ ይሠራበት ነበር።

ፕሮኮፊዬቭ ወደዚህ ሥራ የገባው በ1938 መጀመሪያ አሜሪካን ጎብኝቶ፣ የሆሊዉድን የድምፅ ቀረጻ ዘዴ ተመልክቶ እንደ ተመለሰ ነው። አይዘንሽታይን ስለ አሠራሩ የጻፈው የማይረሳ ነው። ማታ በጨለማው ክፍል ውስጥ የተነሣውን ፊልም አብረው ያያሉ። ሙዚቀኛው የወንበሩን መደገፊያ በጣቶቹ ይመታል፤ የምስሉን ምት በጣቱ እየያዘ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይለያያሉ፤ በማግሥቱ ልክ እኩለ ቀን ላይ ሙዚቃው ይደርሳል ይባላል። እኩለ ቀን ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የፕሮኮፊዬቭ መኪና በስቱዲዮው በር ትገባለች። ሰዓት አክባሪነት ከጥበብ ጋር አይስማማም ለሚሉ ሁሉ ይህ በቂ መልስ ነው።

ሥራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። ለአንዳንዱ ትዕይንት ሙዚቃው ቀድሞ ተጽፎ ፊልሙ በልኩ ተቆረጠ፤ ለአንዳንዱ የተቆረጠው ፊልም ቀድሞ ሙዚቃው ተከተለ። ከድሉ ጋር የሚያያዘውን የዋሽንትና የከበሮ ጨዋታ አይዘንሽታይን በቃል ሊያስረዳው አልቻለም። ስለዚህ የውሸት ዋሽንቶችና ከበሮዎች አሠርቶ፣ ሲነፉና ሲመቱ ያለ ድምፅ አስነሥቶ፣ ምስሉን ለሙዚቀኛው አሳየው። ፕሮኮፊዬቭም ለዓይን የተሠራውን ጨዋታ ልክ እንደዚያው ለጆሮ ጻፈለት።

ለመስቀላውያኑ ሙዚቃ ሲደርስ አንድ ትልቅ ጥያቄ መጣ። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው የላቲኖች ዜማ እንዴት ነበር? ፕሮኮፊዬቭ የዘመኑን ዜማዎች መርምሮ ተዋቸው። ለዛሬ ጆሮ እጅግ የራቁ ስለሆኑ የሚያስፈሩ ሳይሆኑ የሚያስተኙ ናቸውና፤ ይልቁንም ዛሬ ያለ ሰው ያን ዜማ እንዴት አድርጎ በሐሳቡ እንደሚሰማው መጻፍ ይሻላል አለ። ይህ ለታሪካዊ ሥራ ደራሲዎች ሁሉ የሚጠቅም ውሳኔ ነው። የቅርስ ጥናትና የስሜት ሥራ አንዳንዴ መንገዳቸው ይለያያል፤ ለመለየትም ድፍረት ያስፈልጋል። በፕስኮቭ ከተማ ፈረሰኞቹ ሕፃናትን ወደ እሳት በሚጥሉበት ትዕይንት የሚሰማው ስሜት የለሽ የላቲን መዝሙር እንዲህ ተፈጠረ። መዝሙሩ አይቆጣም፤ አይጮኽም፤ በእርጋታ ይዘመራል። የሚያስፈራውም ለዚህ ነው።

ከዚህም በላይ ሄደ። ቀንደ መለከት በጣም ቀርቦ ወደ ማይክሮፎን ሲነፋ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የቀረጻ ባለሙያዎች ይህን እንደ ስሕተት ይሸሹት ነበር። ፕሮኮፊዬቭ ግን ስሕተቱን ፈለገው። የጀርመኖቹ መለከት ለሩስያዊ ጆሮ የሚቆረቁር መሆን አለበት ብሎ፣ ነፊዎቹ መሣሪያቸውን ፊት ለፊት ወደ ማይክሮፎኑ አዙረው እንዲነፉ አደረገ። ደካማውን ባሶን ወደ ማይክሮፎኑ አቅርቦ ኃይለኛውን ትሮምቦን በማራቅም፣ በኮንሰርት አዳራሽ ሊሰማ የማይችል የተገለበጠ ኦርኬስትራ ፈጠረ። በዚህ ጊዜ ማይክሮፎን የመቅረጫ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ።

ከጦርነቱ በፊት ያለው የንጋት ትዕይንት በፊልም ትምህርት ዘንድ ከሁሉ ይበልጥ የተተነተነ ነው። አሌክሳንደር ቋጥኝ ላይ ቆሟል። ሠራዊቱ ከታች ተሰልፏል። ሰው አይናገርም፤ የሚንቀሳቀስም የለም ማለት ይቻላል። ከሥር ተይዞ የቆየ ወፍራም ድምፅ፣ በላዩም የክሮች መንቀጥቀጥ ይሰማል። ከነጩ አድማስ ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር እስኪታይ ድረስ ተመልካቹ ከሰልፈኞቹ ጋር ይጠብቃል። አይዘንሽታይን በ1942 በታተመው መጽሐፉ የዚህን ክፍል 12 ምስሎችና ተጓዳኙን ባለ 17 ክፍል ኖታ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የሙዚቃው መውጣትና መውረድ ከምስሉ መስመር መውጣትና መውረድ ጋር እንዴት እንደሚገጥም በሥዕል አሳየ። በ1947 ደግሞ ሐንስ አይስለር፣ ከቴዎዶር አዶርኖ ጋር ሆኖ ባዘጋጀው የፊልም ሙዚቃ መጽሐፍ፣ ይህን ሥዕል ክፉኛ ነቀፈው። የተነጻጸረው በወረቀት ላይ የተጻፈው የኖታ ቅርጽ እንጂ የሚሰማው ሙዚቃ አይደለም፤ አድማጭ ደግሞ ኖታ አያይም አለ።

ነቀፌታው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የአዘጋጁ ማብራሪያ ቢደክም ትዕይንቱ አልደከመም። የንጋቱን ጭንቀት የሚፈጥረው የመስመሮች መግጠም ሳይሆን የሥራ ክፍፍል ነው። ምስሉ ቆሟል፤ ሙዚቃው ግን ይንቀጠቀጣል። ሰልፈኞቹ ፍርሃታቸውን በፊታቸው አያሳዩም፤ ፍርሃታቸውን ክሮቹ ይዘውላቸዋል። ተዋንያኑ ቢንቀጠቀጡ ኖሮ ሙዚቃው ባልፈለገ ነበር። ብዙ ጊዜ ሠሪ ሥራውን ከማብራሪያው አስበልጦ ያውቀዋል።

ከዚያ ሽብልቅ ሆኖ የተሰለፈው የፈረሰኛ ጦር ይመጣል። ሙዚቃው በግልቢያው ምት እየፈጠነ ይሄዳል፤ ጦሮቹ ከተጋጠሙ በኋላ ግን በአንዳንድ ስፍራ ጨርሶ ይቋረጥና የብረትና የጩኸት ድምፅ ብቻ ይቀራል። ያን ያህል የተነገረለት የበረዶው ጦርነት ረዥም ነው፤ እውነቱን ለመናገር በመካከሉ ይሰለቻል። ዱላና ሰይፍ ይወርዳል፤ ይነሣል፤ ዳግመኛ ይወርዳል። የሚያድነው ፍጻሜው ነው። በረዶው ሲሰነጠቅ ነጩ ካባ በጥቁሩ ውሃ ላይ ተዘርግቶ ቀስ እያለ ይሰምጣል።

ስለ ቃሉስ? እዚህ ላይ ፊልሙ ሁለት ዓይነት ንግግር አለው። አንደኛው የመስፍኑ ንግግር ነው። ከፍ ያለ፣ የተቀረጸ፣ ለሐውልት የሚሆን። ቼርካሶቭ ግርማ ያለው ተዋናይ ቢሆንም እነዚህ ንግግሮች ለዛሬ ተመልካች ከባድ ናቸው። ሰው የሚናገራቸው ሳይሆኑ አደባባይ ላይ የሚነበቡ ይመስላሉ። ሁለተኛው የኢግናት ንግግር ነው። ኢግናት ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ የጦር ጥሩር ይሠራል። ዲሚትሪ ኦርሎቭ የተጫወተው ይህ ሽማግሌ ተረት ያወራል፤ ይቀልዳል፤ አፉ አያርፍም።

ከጦርነቱ በፊት ባለው ሌሊት በእሳት ዙሪያ ኢግናት የጥንቸልና የቀበሮ ተረት ያወራል። ጥንቸሉ በሁለት የተጠጋጉ ዛፎች መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ የምታሳድደው ቀበሮ ግን በመካከላቸው ተቀርቅራ ትቀራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው በጨዋ ፊት የሚነገር አይደለም። ወታደሮቹ ይስቃሉ። መስፍኑም ይሰማል፤ ግን ቀልዱን ሳይሆን የመቀርቀሩን ነገር ይጠይቃል። የጦር ስልቱ ከዚያች ተረት ይወለዳል። መሃሉ ጠላትን ይይዛል፤ ክንፎቹ እንደ ሁለቱ ዛፎች ይጨምቁታል። ደራሲዎቹ ሕዝብ የጥበብ ምንጭ ነው የሚለውን ሐሳብ በንግግር አላስተማሩም፤ ባለጌ ተረት ውስጥ ደበቁት። ተመልካቹ እየሳቀ ተቀበለው።

ይበልጥ የሚነካው ግን የጥሩሩ ነገር ነው። ኢግናት ከሠራቸው ሁሉ የሚሻለውን ለሌሎች አድሎ ለራሱ የተረፈችውን ሲለብስ ታጥረዋለች። አጠረች ብሎ ይቀልዳል፤ ተመልካቹም ይስቃል፤ ይረሳታልም። በጦርነቱ ፍጻሜ ላይ በከሃዲ ቢላዋ ሲወጋ ያንኑ ቃል ደግሞ ይናገራል። አንድ ቃል አልተጨመረበትም። ስለ ሞት፣ ስለ አገር፣ ስለ መሥዋዕትነት አንዳች አላለም። ጥሩሩ አጠረች፤ ይኸው ነው። ከዚያ ሁሉ የመስፍን ንግግር ይልቅ ይህች የአንጥረኛ ዐረፍተ ነገር አንጀት ትበላለች። ቃል ስሜት የሚፈጥረው ስሜትን ስለሚጠራ አይደለምና። ለቀልድ የተባለውን ሞት ሲመልሰው፣ ተመልካቹ ቀድሞ የሳቀው ሳቅ ራሱ ወደ ኀዘን ይለወጥበታል።

ሦስቱ ጥበባት አንድ ላይ የሚገናኙበት ስፍራ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ያለው የሙታን ሜዳ ነው። ሜዳው ጨልሟል። ሬሳው በየቦታው ወድቋል። ሴቶች ችቦ ይዘው ይፈልጋሉ። የሚሰማው የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ ነው። ግጥሙን ቭላዲሚር ሉጎቭስኮይ ጻፈው፤ ፕሮኮፊዬቭ ከሥሩ ኦርኬስትራውን አሳንሶ ዝቅ ባለ የሴት ድምፅ እንዲዘመር አደረገ። በሙሾ ያደገ ጆሮ ይህን ክፍል ለመረዳት አስተርጓሚ አይሻም። አልቃሿ የአንዱ ሟች እናት ወይም እጮኛ አይደለችም፤ ለሁሉም ታለቅሳለች። በመጋረጃው ላይም አትታይም። ከሜዳው ላይ ደግሞ በሞት አፋፍ ያሉ ቁስለኞች ቀና እያሉ የሴት ስም ይጠራሉ። በዚህ ትዕይንት የሚሰማው ንግግር ከስም መጥራት ብዙም አያልፍም። ደራሲዎቹ ቃልን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨምቀው ስም ብቻ አስቀሩ። ስሙ የተጠራችው ሴት ማን እንደሆነች አይነገርም፤ ተመልካቹ የራሱን ሰው ስም ያስቀምጥበታል።

ፊልሙ በ1938 መጨረሻ ለሕዝብ ሲቀርብ በሰፊው ተወደደ። ፕሮኮፊዬቭ ሙዚቃውን ባለ ሰባት ክፍል ካንታታ አድርጎ አሰናድቶ በግንቦት 1939 በሞስኮ አሰማ። ከሦስት ወር በኋላ ሶቪየት ኅብረትና ጀርመን ያለመጠቃቃት ውል ተፈራረሙ፤ ፊልሙም ከአዳራሾች ተነሣ። በ1940 መጨረሻ አይዘንሽታይን በቦልሾይ ቴአትር የጀርመናዊውን የቫግነርን ኦፔራ ሲያዘጋጅ ተገኘ። በሰኔ 1941 ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ስትወር ያው ፊልም ከመጋዘን ወጣ።

አንድም ምስል አልተቀየረም፤ አንድም ኖታ አልተነካም። የሚያየው ሰው ግን ተቀይሯል። በ1938 ስለ ጥንት አባቶች ያለቀሰ ተመልካች አሁን ልጁን ወደ ግንባር ሸኝቶ ነበር የመጣው፤ ከሜዳው ላይ የሚጠራው ስም ባዶ ቦታ መሆኑ ቀረ። የስሜት መሣሪያዎች ምንም ያህል በረቀቀ እጅ ቢሠሩ ግማሹን ሥራ የሚሠራው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው እንደሆነ፣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ በፊልም ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። በ1942 የአሌክሳንደር ኔቭስኪ ኒሻን ሲቋቋም ደግሞ፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት የተረፈ የመስፍኑ እውነተኛ መልክ ስላልነበረ፣ ቀራጩ የቼርካሶቭን ፊት ከፊልሙ ወስዶ ኒሻኑ ላይ አተመው። ለአንድ በጋ በኖራ ሜዳ ላይ የቆመ ተዋናይ መልክ የጦር መሪዎች ደረት ላይ ዋለ።

ያው ቡድን በጦርነቱ ጊዜ ወደ አልማ አታ ተሻግሮ «ኢቫን አስፈሪው»ን ሠራ። ቀን ኤሌክትሪኩ ለፋብሪካ ስለሚያስፈልግ የሚያነሡት ሌሊት ነበር። እዚህ ሽፒኔል የሠራው ትዕይንት ከኔቭስኪ ሜዳ ፍጹም ተቃራኒ ነው። በሮቹ እጅግ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ባለሥልጣኑም ሎሌውም ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ጣሪያው ይጫናል፤ የንጉሡ ጥላ ከንጉሡ ይገዝፋል። የመጀመሪያው ክፍል በ1945 ታይቶ የስታሊን ሽልማትን ተቀበለ።

በሁለተኛው ክፍል ኤፍሮሲንያ የተባለችው እመቤት ደካማውን ልጇን ለማንገሥ ታሴራለች። ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ እሹሩሩ ትለዋለች። ዜማው ልጅ የሚያስተኛ ነው። የሚተርከው ግን ስለ አንድ ታዳኝ አውሬ ነው፤ አዳኞች ይገድሉታል፤ ቆዳው ለንጉሥ ልብስ ይሆናል። ድምፅዋ ከእናት ፍቅር ተነሥቶ ሳይታወቅ ወደ ሥልጣን ረኀብ ይሻገራል፤ ልጁም ደንግጦ ይጮኻል። ኋላም ኢቫን በተንኮል የንጉሥ ልብሱን ለዚሁ ልጅ ያለብሰዋል፤ የተላከው ገዳይ ልብሱን አይቶ ልጁን ይወጋል። እናትየዋ ሬሳውን ታቅፋ ያንኑ እሹሩሩ ታንጎራጉራለች። የኢግናት ቃል በሙዚቃ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ተመልካቹን በጠላት ላይ ሳይሆን በዙፋኑ ላይ እንዲያስብ ማድረጉ ነው።

ያዘዙት ሰዎችም ይህን አላጡትም። በመስከረም 1946 ክፍሉ በማዕከላዊ ኮሚቴ ውሳኔ ተወገዘ። በየካቲት 1947 አይዘንሽታይንና ቼርካሶቭ ወደ ክሬምሊን ተጠርተው ስታሊን፣ ሞሎቶቭና ዣዳኖቭ ባሉበት ትችቱን ሰሙ። ስታሊን ንጉሡ እንደ ሐምሌት ወላዋይ ሆኗል አለ። ዣዳኖቭ ደግሞ ጥላው በዝቷል፤ የኢቫን ጢምም ተመልካቹን ያዘናጋል አለ። የአገር መሪዎች በሌሊት ተሰብስበው ስለ ጥላና ስለ ጢም መነጋገራቸው ለቀልድ የሚመች ይመስላል። ነገር ግን የተሳሳቱት ነገር አልነበረም። ፊልሙ የሚናገረው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በጥላውም እንደሆነ ከብዙ የሙያው ሰዎች ይልቅ በሚገባ ተረድተውት ነበር።

እንዲታረም የተባለው ፊልም ሳይታረም ቀረ። አይዘንሽታይን በየካቲት 1948 በ50 ዓመቱ አረፈ። ፕሮኮፊዬቭ መጋቢት 5 ቀን 1953፣ ስታሊን በሞተበት በዚያው ዕለት ሞተ። የኤፍሮሲንያ እሹሩሩ በአዳራሽ ለሕዝብ የተሰማው በ1958 ነው።